ተቀባይ የሌለው ክፍል

ደሴ ላይ ለስቱዲዮ ያገኘሁት ክፍል ከወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔም ደህና ቀን ከሆነ አብሬ እስቃለሁ። ምርጫ ግን አልነበረኝም። አከራዮች «ምን ልትሠሪበት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ «ድምፅ ልቀዳበት» ስላቸው ጭፈራ ቤት የምከፍት ይመስላቸውና ቤቱ በድንገት የተያዘ ይሆናል። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ብቻ፣ እሱ ራሱ ሰፈሩን ከጠዋት እስከ ማታ ሲያስጨንቅ ስለሚውል፣ የኔን ድምፅ ከቁም ነገር አልቆጠረውም። መብራት ሲኖር ወፍጮው ያጓራል፤ መብራት ሲጠፋ ወፍጮውም እኔም ዝም እንላለን። የአባቴን ድምፅ ልይዝ የተነሳሁት እንግዲህ በዚህ ክፍል ውስጥ ነው።

አባቴ ኮምቦልቻ ልብስ ሰፊ ነው። ዕድሜውን በሙሉ አንድ በረንዳ ላይ አንድ የስፌት መኪና ሲረግጥ ኖሯል። ሐሙስ ሲሆን ግን ሌላ ሰው ነበር። ከዐሱር ሶላት በኋላ ቤታችን ሐድራ፣ የዱዓና የመንዙማ ጉባኤ፣ ይቀመጣል፤ ጓደኞቹ ክብ ሠርተው ዙሪያውን ይደረደራሉ፤ ዱዓው ሲያልቅ አባቴ መንዙማ ያወጣል። «ያወጣል» የሚባለው ስንኙን መጀመሪያ ብቻውን ስለሚለው ነው። የቀሩት አንድ ላይ ሆነው ይመልሱለታል፤ እነሱ «ተቀባይ» ይባላሉ። የሱ ስንኝ የትም ተጽፎ አያውቅም። እዚያው ተቀምጦ የሚመጣለትን ነው የሚያወጣው፤ በሳምንቱ ሌላ ነው። ለመስማት ከሐርቡ ድረስ የሚመጣ ሰው ነበር፤ ይህን የምለው ልጁ ስለሆንኩ አይደለም።

እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ከመጋረጃ ጀርባ ነው። የሴቶች ቦታ በጓዳው በኩል ነበር። የአባቴ ድምፅ ወደኛ የሚደርሰው በወፍራም መጋረጃ፣ በሕፃን ለቅሶ፣ በሳህን ኳኳታና በአክስቶቼ ሹክሹክታ ውስጥ አልፎ ነው። ሲደርስ ቃሉ የለም፤ ጉምጉምታው ብቻ ነው የሚመጣው። የተቀባዮቹ ድምፅ ብዙ ስለሆነ ትንሽ ይሻላል። የእሱ ግን ሲያለቅስ ይሁን ሲስቅ እንኳ የማይለይበት ጊዜ ነበር። ወንዶቹ ልጆች አባታቸው ጭን ላይ፣ ክቡ መሃል ገብተው ይቀመጡ ነበር። አብዛኞቹ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። እዚያ መሃል ገብቶ የሚተኛ ልጅ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የድምፅ ሠራተኛ የሆንኩት በዚሁ ንዴት ይመስለኛል። ሰው ግን በንዴት እንጀራ አይበላምና ሠርግ ስቀዳ፣ ለሱቅ ማስታወቂያ ስሠራ፣ በየአዳራሹ ማይክ ስተክል ነው የኖርኩት። አዲስ አበባ ለሥልጠና የሄድኩ ጊዜ ሳራውንድ የሚባለውን አሰሙን። ሦስት ማጉያ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ አንድ ደግሞ ለወፍራሙ ድምፅ ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ ሰሚው መሃል ነው። አሠልጣኙ የከፈተልን የጫካ ዝናብ ነበር። ተማሪው ሁሉ ዝናቡ ከኋላው ሲመጣ እየዞረ ይስቃል። እኔ ዝናቡ አልታየኝም፤ ክቡ ነው የታየኝ። አባቴን ከፊት፣ ተቀባዮቹን በቀኝ፣ በግራና በኋላ አድርጌ፣ እኔ መሃሉ ላይ የምቀመጥበት አንድ ክፍል ይኖረኛል አልኩ። ለዓመታት ያልኩትን ብቻ ይዤ ቆየሁ።

ከዚያ የአባቴ ድምፅ ሻከረ። ጉንፋን ነው አልን፤ ዝንጅብል አጠጣነው፤ አልለቀው ሲል ደሴ የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ ነገሩን አልሸፋፈነም። ድምፅ የሚወጣበት ቦታ ላይ የበቀለ ነገር አለ፣ አዲስ አበባ ሄዶ ተራ ጠብቆ መቆረጥ አለበት፣ ከተቆረጠ በኋላ ድምፅ አይኖርም፣ ካልተቆረጠ ደግሞ እሱ ራሱ አይኖርም አለን። በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ መንገዱ ሲጠማዘዝ እየተላጋሁ አለቀስኩ። አባቴ በመስኮቱ እያየ ቆየና፣

«አብሽሪ ልጄ። የሚወስዱት ድምፄን ነው፤ እጄን አይደለም። ሱሪ በድምፅ አይሰፋም» አለኝ።

ሊያስቀኝ ነበር። እሱም አልሳቀ፤ እኔም አልሳቅኩ።

በስልክ የተቀዳ የለም ወይ የሚለኝ አለ። ከመጋረጃው ጀርባ ሴቶቹ የቀዱት አለ፤ ሕፃን ሲያለቅስና አክስቴ ጨው ስትጠይቅ በደንብ ይሰማል። በክቡ ውስጥ ግን አባቴ ማንም እንዲቀዳ ፈቅዶ አያውቅም። «ሐድራ ገበያ አይደለም» ይላል። ማይክ ይዤ እንዳልገባ ገና ድሮ ነው የከለከለኝ። ስለዚህ ያለኝ መንገድ አንድ ነበር። እኔ ዘንድ፣ ደሴ፣ በሥራ ቦታዬ ብቻውን ያወጣል፤ ተቀባዮቹን ሌላ ቀን አንድ በአንድ እቀዳለሁ፤ ከዚያ እያንዳንዱን በየቦታው አስቀምጬ ክቡን ራሴ እገጥመዋለሁ። የሙያው አሠራርም ይኸው ነው፤ ዘፋኙን ለብቻ፣ አጃቢውን ለብቻ ነው የሚቀዳው። አባቴም «ካንቺ ቤት ከሆነ እመጣለሁ» አለኝ። የአዲስ አበባ ተራው ከመድረሱ በፊት ክፍሉን ማድረስ ነበረብኝ።

ክፍሉ የብሎኬት ግድግዳ፣ የሲሚንቶ ሊሾ ወለል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። መሃሉ ላይ ቆሜ ሳጨበጭብ ጭብጨባው ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ፣ ሳህን ላይ እንደወደቀ ሳንቲም እየተንቀጫቀጨ ነው የሚጠፋው። ሥራውን አብሮኝ የሠራው አናጺ የደጋን ሰው ነው፤ እጁ ጥሩ፣ ምላሱ ከእጁ የባሰ። መጀመሪያ ያመጣልኝ ሐሳብ የእንቁላል ካርቶን ነበር። አዲስ አበባ ስቱዲዮ ሁሉ በእንቁላል ካርቶን ነው አለኝ። ካርቶን ድምፅ እንደማይይዝ ላስረዳው ሞክሬ ሲያቅተኝ «እንቁላሉን ማን ይበላዋል?» አልኩት። ያ አሳመነው።

ከወለሉ ጀመርን። ወፍጮው ሲነሳ መሬቱ ራሱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ማይክ ብተክልበት የሚቀዳው በቆሎ ሲፈጭ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ወለል ያስፈልጋል፤ ከመጀመሪያው ላይ የሚቀመጥ፣ ግን በላስቲክ ተለይቶ። ከኮምቦልቻ ጋራዦች የተጣለ የከባድ መኪና ጎማ ለቅመን በቢላዋ እየቆራረጥን ደረደርነው። በላዩ የሞራሌ እንጨት አጋደምን፤ በሞራሌው መሃል ሱፍ ሞላን፤ ከዚያ ቺፑድ ሁለት ድርብ፣ የላይኛው መገጣጠሚያ ከታችኛው ጋር እንዳይገናኝ አድርገን መታን። ዳር ዳሩን ከግድግዳው ጋር እንዳይነካካ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተውኩ። አናጺው ያ ክፍተት ሙያውን የሰደብኩበት ያህል ቆረቆረው።

«ከግድግዳ ያልተያዘ ወለል ምን ይባላል? ቤት ነው ጀልባ?»

«ጀልባ ነው» አልኩት። «ወፍጮው ከታች ይናወጥ፣ እኛ ከላይ እንቀመጥ።»

ወፍጮው ሲነሳ ወለሉ ላይ ተጋደመና ጆሮውን ለጠፈ። ተነስቶ ምንም ሳይናገር መዶሻውን አነሳ፤ ለሱ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ሱፉ የመጣው ከቦሩ ሜዳ ነው። እዚያ ብርዱም በጉም ደህና ነው። ከገበሬዎቹ ሚስቶች የተሸለተ ሱፍ እየገዛሁ፣ በማዳበሪያ ጆንያ እያስጠቀጠቅኩ፣ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ እየጫንኩ አመጣሁ። የሚኒባሱ ረዳት በጎቹን የት እንዳደረስኳቸው ይጠይቀኛል። ከነጉድፉ ስለነበር በሳሙና አጥቤ ማድረቅ ነበረብኝ፤ ደሴ ደግሞ ፀሐይ ባሰኛት ጊዜ ነው የምትወጣው። ስዘረጋ ይዘንባል፤ ሳነሳ ይወጣል። ጎረቤቶቼ ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ላሸምን መስሏቸው ነበር። ለግድግዳ ነው ስላቸው «ግድግዳው በርዶት ነው?» አሉኝ። ክፍሉም እኔም ለብዙ ጊዜ በግ በግ ሸተትን።

ሱፉን በእንጨት ማዕቀፍ ሞልተን ግድግዳ ላይ ልንሰቅለው ነበርና ልባስ አስፈለገው። አየር የሚያሳልፍ ጨርቅ መሆን አለበት፤ አቡጀዲ ተስማሚ ነው። መቼም ልብስ ሰፊ አባት እያለኝ ሌላ ሰው ዘንድ አልሄድም። ልኩን ይዤለት ኮምቦልቻ ወረድኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ በዚያ በሻከረ ድምፁ ራሱን ሳያስጨንቅ ቀስ እያለ እያወራ፣ ጠርዙን እየቀመቀመ ሰፋልኝ። የትራስ ልብስ እንጂ የግድግዳ ልብስ ሰፍቶ አያውቅም። ስፌቱ ለምን ድርብ እንደሚሆን አልገባኝም ነበር፤ «እንዳያሳፍርሽ ነው» አለኝ።

«ሥራው ምንድን ነው ግን?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ድምፅ ይቀበላል አባባ። ሱፉ የሰውን ድምፅ ይቀበለዋል።»

መኪናውን መርገጥ አቆመ። ፊቱ በራ፤ ከታመመ ወዲህ እንዲያ ሲበራ አላየሁትም።

«ቤቱ ይቀበላል ነው የምትይኝ?»

«አዎ። ጥግ ጥጉ ሳይቀር።»

«ማሻአላህ» አለ። «ብቻዬን እንዴት አድርጌ አወጣለሁ እያልኩ ሳስብ ነበር። ቤቱ የሚቀበል ከሆነማ ምን ቸገረኝ።»

የሚቀልድ መሰለኝ። አቡጀዲውን አጣጥፌ ጉንጩን ስሜ ሄድኩ። ያኔ ቁጭ ብዬ «አባባ፣ ምን ገባህ?» ብለው ኖሮ እላለሁ አሁን።

ደሴ ተመልሼ ሰቀልን። አንድ ግድግዳ ሲለብስ አጨበጭባለሁ፤ መንቀጭቀጩ ቀነሰ። ሁለተኛው ለበሰ፤ የራሴ ንግግር ጠራልኝ። አራቱንም ጥግ እስከ ጣሪያ ድረስ በሱፍ ጆንያ ሞላን፤ ወፍራሙ ድምፅ የሚጠራቀመው ጥግ ላይ ነውና። ኮርኒሱም ላይ ሱፍ ጫንንበት፤ ዝናቡ ሩቅ ሆነ። አንድ ልባስ በጨመርኩ ቁጥር ቃል ከቃል ይለያል፤ «ሰ» ከ«ሸ»፣ «ተ» ከ«ጠ»። ከመጋረጃ ጀርባ ላደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። መጠን አለው፤ ክፍል ድምፅ አልባ ሆኖ እንዳይደርቅ ግማሹን ግድግዳ ባዶ መተው እንደሚገባ ተምሬያለሁ። ግን ጥራቱ አሰከረኝ። የቀረውን ሱፍ ሁሉ ጨመርኩበት። ወለሉም ላይ ከዳር እስከ ዳር ወፍራም ምንጣፍ አነጠፍኩ። አናጺው መሃሉ ላይ ቆሞ አፉን ከፈት ዘጋ አደረገና፣

«ወላሂ ጆሮዬ ታፈነ። እዚህ ቤት ውስጥ ሰው ቢሞት ለቅሶው አይሰማም» አለ።

«ጥሩ ሥራ ማለት እሱ ነው» አልኩት።

አባቴ የመጣው በማለዳ ነው። ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ ለኒካህ የሚሄድ ሽማግሌ መስሎ ከሚኒባሱ ወረደ። የወፍጮ ቤቱን ባለቤት ለምኜው ነበር፤ ለአባትሽ ከሆነማ ብሎ ዘጋልኝ፤ እህል ያመጡት ሴቶች እንኳ በር ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ። አባቴ ጫማውን አውልቆ ገባ። እንደልማዱ የበሩን ደፍ ሲያልፍ «አሰላሙ ዐለይኩም» አለ። ድምፁ አፉ ላይ ቀረ። ራሱን ትንሽ አዘነበለ፤ ከዚያ የራሱን ስፌት በእጁ እየዳበሰ ግድግዳውን ዞረ፤ አመስግኖኝ ተቀመጠ።

ማይኩን አስተካክዬለት፣ በመስታወት ከልዬ መሣሪያዬን ወዳስቀመጥኩባት ጠባብ ክፍል ገባሁና በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ዓይኑን ጨፈነ። የመክፈቻውን ጥሪ ብቻ፣ ገና ስንኝ የሌለበትን፣ ያቺን እየሳበ የሚያነሳትን አወጣ። በጆሮ ማዳመጫዬ የሰማሁት ድምፅ ሻካራ ነበር፤ ግን እሱ ነበር፤ ከነትንፋሹ፣ ከነምራቁ፣ ግንባሩን ግንባሬ ላይ ያስደገፈ ያህል ቅርብ። በሕይወቴ እንዲያ ቀርቦኝ አያውቅም። ጉልበቴን ጨብጬ ቀጣዩን ጠበቅኩ።

እሱም ጠበቀ። ዓይኑን ገለጠና ግድግዳዎቹን አየ። አንዴ ደገመው፤ አሁን ጉሮሮውን አስጨንቆ፣ ከፍ አድርጎ። መልሶ ጠበቀ። ከዘራውን አነሳና ወለሉን መታ፤ ምንጣፉ ዋጠው። ደጋግሞ መታ። ከዚያ ወደ መስታወቱ ዞረ።

«ወጣ?»

«ወጥቷል አባባ። በጣም ጥሩ ነው፤ ቀጥል።»

«የታለ ታዲያ?»

«እዚህ ደርሶኛል፤ እሰማሃለሁ።»

«ተቀባዩስ የታል? ቤቱ ይቀበላል ብለሽኝ አልነበር?»

ያኔ ነው የገባኝ። ለኔ መቀበል መዋጥ ነበር። ለሱ መቀበል መመለስ ነው፤ ሌላ ትርጉም ኖሮት አያውቅም። ያን ሁሉ መንገድ የመጣው የሚመልስለት ግድግዳ ሠርቼለት መስሎት ነው። በሩን ከፍቼ ሮጬ ገባሁና አጠገቡ ተንበረከኩ። ክፍሉ ነው አባባ፣ ሱፉ ነው፣ የማንንም ድምፅ አይመልስም፣ የኔንም ስማው ብዬ ጮህኩ፤ የኔም ድምፅ አፌ ላይ ቀረ። እሱ ግን ጉሮሮውን በሁለት ጣቱ ይዞ ነበር።

«ክፍል ደሞ ሰው ይዋሻል?» አለኝ ቀስ ብሎ። «እኔ ባወጣሁበት ቦታ ሁሉ ድምፄ ይመለስልኝ ነበር። ኸበረሃም ይመለሳል። ሐኪሙ ይሄዳል ያለኝ ድምፅ ሄዷል ማለት ነው። አንቺ አልነገርሽኝም እንጂ።»

የተቀዳውን ላሰማው አልኩ። እሱ መሣሪያ ነው፣ መሣሪያ ያሳምራል አለኝ። ጫማውን እንዳደርግለት እግሩን ዘረጋልኝ። ሚኒባስ ላይ ሳሳፍረው አመስግኖኝ ነው የሄደው፤ ያ ነው ከሁሉ የባሰኝ። ወፍጮው ከኋላዬ ተነሳ።

ሐሙስ ሐድራ ተቀመጠ፤ አባቴ አላወጣም። ያ ገና የሚሠራ ድምፅ ነበር። ጥቂት ሐሙሶች ቀርተውት ነበር፤ እኔ በሱፍና በአቡጀዲ የሠራሁት ክፍል ግን አልቆለታል ብሎ ነግሮት አመነው። በሁለተኛው ሐሙስ የተቀባዮቹ አለቃ ደሴ ድረስ መጡ። ዘመናቸውን በአባቴ ቀኝ ሲቀመጡ የኖሩ፣ የፊት ጥርሳቸው የወለቀ አዛውንት ናቸው። ቆመው ክፍሉን አዩና፣

«ሰውየውን ምን አረግሽብን?» አሉኝ።

«ብቻውን ይቀዳ ብዬ ነው፤ እናንተን ኋላ ልጨምር።»

«እኛ ኋላ የምንጨመር ቅመም ነን?»

ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። «አላህ ይበልሽ» ብለው ከዘራቸውን አንስተው ወጡ።

አናጺውን ጠርቼ ከሰቀልነው ግማሹን አወረድን። ከሁለት ግድግዳ ላይ ሱፉን አነሳን፤ በቦታው የባሕር ዛፍ ጣውላ ድምፁን በየአቅጣጫው እንዲበትነው ገባ ወጣ አድርገን መታን። ምንጣፉን ጠቅልለን ቺፑዱን ገለጥነው። ሳጨበጭብ ጭብጨባው ሳይንቀጫቀጭ፣ ሳይሞትም፣ ለስለስ ብሎ መለሰልኝ። አናጺው «አሁን ቤት ሆነ» አለ። ለአባቴ ደወልኩ። አንዴ ብቻ ናልኝ፣ አሁን ይመልሳል፣ ተቀባዮቹንም ይዘሃቸው ና አልኩት።

«ኸንግዲህ ተይኝ ልጄ» አለኝ። «የሰማሁትን ሰምቻለሁ።»

ደጋግሜ ወረድኩ፤ ለመንኩት፤ አለቀስኩበት። አንድ ቀን ሊነሳልኝ ከበረንዳው ብድግ ብሎ መልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ከአዲስ አበባ ተደወለ፤ ተራው ደርሶ ነበር።

ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነ ይላሉ። አባቴ በሕይወት አለ፤ አልሐምዱሊላህ። አንገቱ ላይ ቀዳዳ አለ፤ የሚተነፍሰው በዚያ ነው፤ ስስ ጨርቅ ያስርበታል። ወደ በረንዳው ተመልሶ ይሰፋል። ደንበኛ ሲመጣ በሜትር ይለካል፤ በጣቱ ቀኑን ያሳያል። እሱን የሚያውቅ ሰው ሲያናግረው ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሰውየውም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

በዚያ ክፍል ሐድራ እንቀመጥ ያሉት አዛውንቱ የተቀባዮች አለቃ ናቸው። ከሰው መሃል ቢቀመጥ ይሻለዋል፣ የልጁም ልፋት ሜዳ ላይ አይቅር አሉ። አባቴ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሁሉም በአንድ ሚኒባስ መጡ። ወፍጮ ቤቱ ተዘጋልኝ። ክብ ሠርተው ቺፑዱ ላይ ሲቀመጡ በየፊታቸው ማይክ አደረግኩ፤ አባቴ በዚህ ጊዜ አልከለከለኝም። ልወጣ ስል ቀሚሴን ያዘኝ። መሃሉን በእጁ አሳየኝ። ሴት ናት ብሎ የተናገረ አልነበረም። ተቀመጥኩ።

ዱዓው አለቀ። ለማውጣት ኢዝን፣ የሐድራው ባለቤት የአባቴ ፈቃድ፣ ያስፈልጋል። አባቴ መዳፉን ወደ አዛውንቱ ዘረጋ፤ አንተ አውጣ ማለቱ ነው። አዛውንቱ ራሳቸውን ወዘወዙ።

«አንተ ተቀምጠህ እኔ አላወጣም። እኛ ተቀባይ ነን።»

አባቴ ደግሞ ዘረጋ። ማንም አልተነሳም። ዝም ተባለ። በዝምታው ውስጥ ሁሉም ቀስ እያሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መወዛወዝ ጀመሩ፤ ወለሉ ከሥራቸው ሲጥጥ ይላል። የሱ ስንኝ ሊወስድ የሚችለውን ያህል ከጠበቁ በኋላ፣ ማንም ምልክት ሳይሰጥ፣ አንድ ላይ ተቀበሉ። ከቀኝ፣ ከግራ፣ ከኋላዬ መጣ። ጨረሱና ደግሞ ዝም አሉ። የሱን ያህል ጠበቁ። ደግሞ ተቀበሉ። ባዶው ቦታ ሲደርስ ከፊቴ የሚመጣው በአንገቱ ቀዳዳ የሚገባና የሚወጣ አየር ብቻ ነበር። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ምን እንደሚል ልለይ ዓይኔን ተክዬ አየሁት፤ አልቻልኩም።

ሲያልቅ አዛውንቱን ጠየቅኳቸው። የሱ ስንኝ ምን ነበር፣ ጥቂቱን እንኳ ይንገሩኝ አልኳቸው። አሰብ አደረጉ፤ ጀመሩ፤ አቆሙ። «እኛ ለመመለስ ነው የምናደምጥ፤ ለመያዝ አላደመጥንም» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ቅጂው ጥርት ያለ ነው። ክፍሉ መሃል ቁጭ ብዬ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ የተቀባዮቹን ቃል አንድም ሳልስት በቃሌ ይዤዋለሁ። ለየትኛው ስንኝ እንደሚመልሱ ግን አላውቅም።